በሬዲዮ በሩን የከፈተችው ሴት

ጥቅምት 7

ለታናሼ ለሚጣ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉንፋኑ ለቀቀኝ ብለሽ ጽፈሻል፤ ደግ። ሰኞ ዕለት በሬዲዮ ግን አፍንጫሽ ድፍን ብሎ ነበር። ትምህርቱ ከሁለት ወር በፊት እንደሚቀዳ ባትነግሪኝ ኖሮ ደንግጬ ዝንጅብል እልክልሽ ነበር። የታችኛዋ የላውንደሪ ባለቤት እስካሁን ድረስ በየጠዋቱ እንደ ዳቦ ትኩስ ትኩሱን የምትናገሪ ነው የሚመስላት። "እህትሽ ዛሬ ደክሟታል" ትለኛለች። እኔም ማስረዳቱ ሰልችቶኝ "አዎ፣ ደክሟታል" እላታለሁ።

"ሰማሽው ወይ? እንዴት ሆነልሽ?" ላልሽው፣ ሰማሁት። እኔ ብቻ ሳልሆን መንገዱ ሁሉ ሰማው። የእንግሊዝኛ ትምህርት ሠላሳ ስድስት፣ የጊዜ አባባሎች፣ "ቤተር ሌት ዛን ኔቨር"፤ ከመቅረት መዘግየት ይሻላል። አባባሉስ መልካም ነው፣ በኛም ቋንቋ ሲባል ነው ያደግነው። ያቃጠለኝ ምሳሌሽ ነው።

"አንዲት መጋረጃ ሰፊ ነበረች" ብለሽ ጀመርሽ። ከፋርማሲ በላይ ባለው ፎቅ የምትኖር። ወላጆቿ ሞተውባት ታናሽ እህቷን ያሳደገች። እጮኛዋ "ለስድስት ወር ሥራ ደርሼ ልምጣ" ብሎ ሄዶ የቀረባት። እስቲ በፈጠረሽ፣ ሙያዬን እንኳ መቀየር አቃተሽ? ኬክ ጋጋሪ ብትያት ምን ነበረበት? ቤቷን ከፋርማሲ ላይ አንስተሽ ከጫማ ቤት ላይ ብታስቀምጪው ማን ይከስሽ ነበር? ከዚያ በሩ ይንኳኳል። ሰውየው "ዘገየሁ" ይላል። ሴትዮዋ ያንን እንግሊዝኛ ትላለች፣ በሩ ሲጥ ብሎ ይከፈታል፣ ሙዚቃ ይገባል። የኔ በር ሲጥ አይልም፤ ዘይት አቀባዋለሁ።

የላውንደሪዋ ሴትዮ የዚያኑ ዕለት ደረጃው ላይ አግኝታኝ "እንኳን ደስ ያለሽ፣ መቼ ገባ?" አለችኝ። ሳቅሁ። በሳቅ የሚያልፍ ቢሆን ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩልሽ።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ነገሩ ይጥና ብዬ ነው የደበቅሁሽ፤ አንቺ ደግሞ ገና ሹክ ሲሉሽ ከበሮ ትመቻለሽ። ከታች ያለው ፋርማሲስት ሚስቱ ከሞተችበት ቆይቷል፣ ይህን ታውቂያለሽ። ባለፈው ወር አዲስ ለተከራየው ቤት መጋረጃ አዘዘኝ። የሳሎኑን መስኮት እየለካሁ ሳለ ከኋላዬ ቆሞ "አንቺ ብትኖሪበት ምን ቀለም ትመርጫለሽ?" አለኝ። "የሚኖርበት ሰው እያለ እኔ ምን አግብቶኝ" አልኩት። "አንቺ እንድትኖሪበት ነው የምጠይቅሽ" አለ። ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ኮረዳ፣ ሚጣ! "መጋረጃው ሲሰቀል መልሴን እሰጥሃለሁ" አልኩት። መልሴማ ያኔውኑ ያለቀ ነበር፤ ትንሽ ልኩራ ብዬ ነው።

ይህ ሰው ደግሞ ያንቺ ተማሪ ነው። በየጠዋቱ ሬዲዮውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ካንቺ ኋላ ኋላ ይደግማል። ደንበኛ የራስ ምታት ኪኒን ሲጠይቀው በእጁ "አንዴ" ብሎ ዐረፍተ ነገሩን ይጨርሳል። የምታስተምሪው ስለ ማን እንደሆነ ለመረዳት እንግሊዝኛ አላስፈለገውም። ከሰኞ ወዲህ "እንደምን አደሩ" ይለኛል። ወራት ሙሉ አንቺ ሲለኝ ከርሞ ወደ እርስዎ መለሰኝ። ይህ ምን እንደሆነ ለአንቺ አላስረዳም።

ትምህርቶቹ ከወር በኋላ ይደገማሉ ብለሽኛል። ከመደገሙ በፊት ያንን አውጪው፤ ማውጣት ካልቻልሽም ሴትዮዋ በሩን አልከፈተችም በይ። ስልክ ያልደወልኩት ስልክ ላይ እኔ እጮኻለሁ፣ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ ቁም ነገሩ መሐል ላይ ይቀራል።

እህትሽ

ጥቅምት 16

ለእታለሜ፣ ለእህቴም ለእናቴም፤

ደብዳቤሽን ቢሮ ነው የከፈትኩት፣ ባልከፍተው ይሻለኝ ነበር። ከፊት ለፊቴ የምትቀመጠው የድምፅ ባለሙያ "ሰው ሞተብሽ እንዴ?" አለችኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ። አሁንም ይቅርታ። ሦስተኛ ብደግመው ትስቂብኛለሽ እንጂ እደግመው ነበር።

ለምን ኬክ ጋጋሪ አላደረግሻትም ላልሽው እውነቱን ልንገርሽ። አርባ ትምህርት፣ አርባ ታሪክ ይፈለግብናል። "ጊዜ ገንዘብ ነው" የምትለዋን በነጋዴ፣ "በመጨረሻዋ ደቂቃ" የምትለዋን በባቡር ተሳፋሪ ጨረስኳቸው። ሠላሳኛው ላይ ስደርስ ታሪክ አለቀብኝ። ቆጣሪው የምንለው አለቃዬ፣ ሰከንድ ሳይቀር የሚቆጥረው፣ "ከሕይወት ውሰጂ" አለኝ። እኔ የማውቀው ሕይወት ደግሞ ያንቺን ነው።

ማሾፌ አልነበረም፣ እታለሜ። ልጅ ሆኜ መስኮት ሥር ቁጭ ብለሽ ስትሰፊ ቀና እያልሽ መንገዱን ታዪ ነበር። እሱን የምትጠብቂ ነበር የሚመስለኝ። እኔን ትተሽ ልትከተይው ስላልቻልሽ ነው የቀረው እያልኩ ነው ያደግሁት። ይህን በሆዴ ይዤ ኖሬ፣ በእውን ያልመለስኩልሽን በሬዲዮ ልመልስልሽ ብዬ ነው። ሞኝነት ከሆነም የፍቅር ሞኝነት ነው።

አባባሉን ግን በትክክል ነው ያስተማርኩት፤ በአስተማሪነቴ እንኳ አትምጪብኝ። ትርጉሙ፣ አንድ ነገር ከነአካቴው ከሚቀር ዘግይቶም ቢሆን መደረጉ ይሻላል ማለት ነው። አጠቃቀሙ፣ ሰው ዘግይቶ ሲደርስ፣ ዘግይቶ ሲያመሰግን፣ ዘግይቶ ይቅርታ ሲጠይቅ። መዝገበ ቃላቱም ላይ ያለው ይኸው ነው፣ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ስለ ፋርማሲስቱ ሳነብ በደስታ ተነስቼ ቆሜያለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ከፋኝ። ከኔ ትደብቂያለሽ? ብትነግሪኝ ኖሮ ያንን ታሪክ እንዴት ብዬ እጽፈው ነበር? አየሽ፣ ጥፋቱ ትንሽም ቢሆን ያንቺም እጅ አለበት። ተቆጣሽ? ይቅር፣ ሙሉ በሙሉ የኔ ነው።

ቅጂዎቹ ታሽገው ለሥርጭት ክፍል ተሰጥተዋል። የታሸገውን ማስከፈት የቆጣሪው ፈቃድ ይጠይቃል። ሰኞ እንደገባሁ አነጋግረዋለሁ፣ ቃሌ ነው።

ለመሆኑ ሰሞኑን ማንም አልመጣም? እንዲያው ዝም ብዬ ነው የጠየቅሁሽ።

ሚጣሽ

ጥቅምት 27

ሚጣ፤

ሰላምታውን ከታች ታገኚዋለሽ፤ በመጀመሪያ ለጥያቄሽ መልስ። ማንም አልመጣም ወይ አልሽ። መጣ።

ሐሙስ ዕለት የፋርማሲስቱን የመኝታ ቤት መጋረጃ እጥፉን እያስያዝኩ ነበር። ሁለት እጄ ጨርቁ ላይ፣ ስፒሎቹ በከንፈሬ። በሩ ክፍት ነው፣ ደንበኛ ስለሚገባ። ቀና ስል ያ የቀረው እጮኛዬ ሻንጣ ይዞ ቆሟል። ጠጉሩ ሸሽቷል፣ ሆዱ ወጥቷል፣ ፈገግታው ግን ያው ነው፤ ሁልጊዜ ገና ሳይጠይቅ እሺ የተባለ ሰው ፈገግታ ነበረው። "ቤተር ሌት ዛን ኔቨር" አለኝ። ይታይሻል? በኔ ደጃፍ፣ ያንቺን እንግሊዝኛ፣ በሱ አፍ።

ስፒል በአፌ ይዤ ምን ልመልስለት? አንድ በአንድ እስካወጣ ድረስ ዝም ስል ዝምታዬን እሺታ አደረገው። ሻንጣውን አስገብቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ያን ሰዓት ነው እንግዲህ ፋርማሲስቱ የመጋረጃ ቀለበቶቹን በከረጢት ይዞልኝ ደረጃውን የወጣው። በሩ ጋ ደርሶ አየን። ከረጢቱን መሬት ላይ አስቀመጠና ተመልሶ ወረደ።

ስፒሎቹ ካለቁ በኋላ ያልኩትን በደብዳቤ አልጽፈውም። ሻንጣው ከሰውየው ቀድሞ ደረጃውን ወረደ ብልሽ ይበቃሻል። ፋርማሲስቱ ግን ያንን አላየም። ያየው ሲገባ ነው።

ማምሻውን ወረድኩ። ነጩን ገዋኑን ለብሶ መደርደሪያ ያስተካክላል። ሁሉም የተስተካከለ ነው፣ ያንኑ ጠርሙስ ያነሳል፣ ያስቀምጣል።

"ያን ሰው አባርሬዋለሁ" አልኩት።

"የኔ ጉዳይ አይደለም፣ እርስዎ ያውቃሉ።"

"እንዴት ያንተ ጉዳይ አይደለም?"

ጠርሙሱን አስቀመጠው። "ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከኔ በፊት የምትጠብቀው ሰው ነበራት" አለ። "እስክትሞት ድረስ ደረጃ ላይ ኮቴ ሲሰማ ቀና ትል ነበር። ክፉ አልነበረችም። ግን ሁለተኛ መሆን ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ አልገባበትም።"

"እኔ ማንንም አልጠብቅም።"

"እህትዎ ጠብቃለች አለችኮ። አብራ ያደገች እህት ትሳሳታለች?"

"ትሳሳታለች።"

"እንግዲያው ተሳስቻለሁ ትበላ። በየጠዋቱ እሰማታለሁ።" ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ሌላ ከተማ ላለው ቅርንጫፍ ኃላፊ እንዲሆንለት ጠይቆት እስከ ኅዳር መጨረሻ መልስ መስጠት እንዳለበት ነገረኝ። እምቢ ሊል ነበር ያሰበው፤ አሁን ግን እንጃ አለ።

ስለዚህ እውነቱን አንቺም ስሚው። ያንን ሰው ሁለት ዓመት ጠብቄዋለሁ፣ አልዋሽሽም። በሦስተኛው ዓመት አንድ ቀን ድንገት ትዝ ሲለኝ፣ ለካስ ሳላስበው ወር አልፎኛል። በዚያው አለቀ። መስኮት ሥር ቀና እያልኩ የማየው መንገዱን አልነበረም፣ ሚጣ። መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ብርሃን ፍለጋ ነው። አንቺ ግን ያን ታሪክ ስለወደድሽው፣ ለጓደኞችሽም እያወራሽ ስለምትኮሪበት፣ ላፈርስብሽ አልፈለግሁም።

ለምኜሽ አላውቅም፤ አሁን እለምንሻለሁ። ያንን አስተካክይልኝ። ይህን ሰው እፈልገዋለሁ።

ያ ሰውዬ አዲሱን ቤቴን ማን እንዳሳየው ስጠይቀው ሳቀ። እሱን በሌላ ጊዜ እናወራለን። ሰላምታዬ ይድረስሽ።

እህትሽ

ኅዳር 8

እታለሜ፤

እንዴት ነሽ? ዘገየሁብሽ፣ አውቃለሁ፣ አትቆጪ። በየቀኑ ዛሬ ልጽፍ፣ ነገ ልጽፍ እያልኩ፣ ደግሞም የምሥራች ይዤ ልጻፍ እያልኩ ነው።

ያንን አስተካክይልኝ ላልሽው፣ ቆጣሪው እረፍት ላይ ነው። ምክትሉ ደግሞ "የታሸገ ቅጂ ሳላስፈቅድ ብከፍት እኔው ነኝ የምታሸገው" አለኝ። ቆጣሪው ሊገባ ጥቂት ቀን ነው የቀረው፣ ድጋሚው ከመሰማቱ በፊት ይደርሳል። ሳይደርስ ቢቀር እንኳ በራሴ አደርገዋለሁ። ያስፈራኛል ግን። የቋሚነት ማመልከቻዬ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ስንት ዓመት በኮንትራት እንደኖርኩ ታውቂያለሽ። የሰው ታሪክ ሳታስፈቅጂ ወስደሽ አየር ላይ አወጣሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ? ይህን የምልሽ ሰበብ ፍለጋ አይደለም፤ እንድታውቂልኝ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ፣ አትቀየሚ። የሚወድሽ ሰው ከሆነ እንዴት ካንቺ ቃል ይልቅ የሬዲዮ ቃል ያምናል? በደንብ አነጋግረሽዋል? አንቺ ስትናገሪ ደግሞ ነገሩን በአጭሩ ትቆርጪዋለሽ፣ ሰው የተቆጣሽ ይመስለዋል።

ስለዚያኛውም ቢሆን… እንዲያው ዝም ብዬ ሳስበው፣ ያን ሁሉ ዓመት ቆይቶ መምጣቱ አንድ ነገር ነው። ሰው ይለወጣል። የመጣበትን እንኳ ሰምተሽዋል? ተሳስቼ ከሆነ እንዳልተናገርኩ ቁጠሪው።

ድጋሚው የሚሰማው ኅዳር 20 ጠዋት ነው። ያን ቀን አዳምጪ፣ ሌላ ነገር ትሰሚያለሽ።

ሚጣሽ

ኅዳር 21

ሚጣ፤

አዳምጪ ብለሽኝ አዳመጥኩ።

ብቻዬን እንኳ ባዳምጥ ምን ነበር። ዋዜማውን ሄጄ "ነገ ጠዋት እህቴን ስማት፣ የምትለው አላት" አልኩት። ፊቱ ፈታ አለ። "እንግዲያው አብረን እንስማት፣ ነይ" አለኝ። ነይ አለኝ፣ ሚጣ፤ ይምጡ አላለኝም። ያችን ሌሊት እንዴት እንዳነጋሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ጠዋት ጠጉሬን በደንብ አስይዤ ወረድኩ። ወንበር አውጥቶልኛል። የላውንደሪዋ ሴትዮ ለጨጓራዋ መድኃኒት ልትገዛ መጥታ ነበር፤ እሷም ቆመች። አንድ ሽማግሌ ሐኪም የጻፈላቸውን ወረቀት ሲዘረጉ ሬዲዮውን ከፍ አደረገና "አባቴ፣ አንዴ ይታገሱኝ" አላቸው። አራታችንም አዳመጥን።

"አንዲት መጋረጃ ሰፊ ነበረች" አልሽ። ይሁን፣ አሁን ታስተካክለዋለች አልኩ። እህቷን ያሳደገች አልሽ። አሁን ነው አልኩ። በሩ ተንኳኳ። ሴትዮዋ ያንኑ አለች፣ በሩ ሲጥ አለ፣ ሙዚቃው ገባ። አፍንጫሽ እንኳ ያው ድፍን እንዳለ ነው።

ሬዲዮውን ዘጋው። የሽማግሌውን ወረቀት ተቀብሎ አነበበ፣ መድኃኒቱን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣቸው፣ አወሳሰዱን ሁለት ጊዜ አስረዳቸው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ "ሰማኋት፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለኝ። ወንበሩን ራሴ ወደ ቦታው መልሼ ወጣሁ።

ቤቴን ማን አሳየው የሚለውን የቀረውን ጥያቄ ደግሞ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ያ ሰው ከተማውን ሳይለቅ በፊት ለላውንደሪዋ ሴትዮ ሁሉንም አውርቶላታል። ታሪኩን በሬዲዮ ሰምቶ ጣቢያችሁ ደወለ። "ያቺ ሴት እሷ ናት ወይ?" ሲልሽ ናት አልሽው። ከዚያኛው ሰፈር መልቀቄን ነግረሽ የዚህን ቤት አድራሻ ሰጠሽው። "ብሄድ ታስገባኛለች?" ሲልሽ ያንን እንግሊዝኛ አልሽው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ፤ "ማንም አልመጣም ወይ" እያልሽ ስትጽፊልኝ የነበረው ለካ የላክሽው ዕቃ ደረሰ ወይ ነው።

ፋርማሲስቱ ትናንት ከሰዓት ለዋናው መሥሪያ ቤት መልሱን ሰጥቷል። የኅዳር መጨረሻ እስኪደርስ እንኳ አልጠበቀም።

እህትሽ

ታኅሣሥ 2

እታለሜ፣ ዐይኔ፤

እንዴት ብዬ ሰላም ልበልሽ። ደብዳቤሽን ደግሜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፣ ወንበሩ ጋ ስደርስ እያቆምኩ።

አድራሻሽን ለምን እንደሰጠሁት ልንገርሽ፣ ስልክ ላይ አለቀሰ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም። አንቺን ደስ የሚያሰኝ መሰለኝ። መጀመሪያ አንቺን ልጠይቅሽ ይገባ ነበር፣ አሁን ይገባኛል፤ ያን ሰዓት ግን ብጠይቅሽ በኩራት እምቢ ትያለሽ ብዬ ፈራሁ። በድጋሚው ቀን ለምን ዝም እንዳልኩ ደግሞ፣ ቆጣሪው ከድጋሚው በፊት ባለው ሰኞ ገብቶ ነበር። በሩ ላይ ሁለት ጊዜ ደርሼ ተመለስኩ። ማመልከቻዬን እያነበበ ነበር፣ እታለሜ። ከዚህ የተሻለ መልስ ቢኖረኝ እሰጥሽ ነበር።

አሁን ግን አድርጌዋለሁ። ኅዳር 29 ጠዋት፣ ከትምህርቱ በፊት፣ በቀጥታ ገብቼ ተናገርኩ። ማንንም አላስፈቀድኩም። ካልሰማሽው ቃል በቃል ይኸውልሽ፦ "በትምህርት ሠላሳ ስድስት የተናገርኩት ታሪክ ከእውነተኛ ሰው ሕይወት ያለ ፈቃዷ የተወሰደ ነው፤ መጨረሻውም ውሸት ነበር። መጋረጃ ሰፊዋ አልጠበቀችም። በሩንም አልከፈተችም። የተሳሳትኩት እኔ እህቷ ነኝ።" ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ ጠረጴዛውን ይዤ ነበር።

ቆጣሪው ከስቱዲዮ እስክወጣ በር ላይ ጠበቀኝ። የቋሚነቱ ነገር ለመጪው ዓመት ተላልፏል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። አይቆጨኝም። ሲበዛ ቀሎኛል፣ ምግብ መብላት ጀምሬያለሁ።

ዘግይቻለሁ፣ አውቃለሁ። ግን ቤተር ሌት ዛን ኔቨር አይደል፣ እታለሜ? በዓመት እረፍቴ ልምጣ ወይ? ይቅር ብያለሁ የምትል አንዲት መስመር ብቻ ጻፊልኝ።

ሚጣሽ

ታኅሣሥ 20

ለሚጣ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? መብላት መጀመርሽ ጥሩ ነው። እኔም እበላለሁ።

ሰምቼሻለሁ። ጎበዝ ነሽ፣ ድምፅሽ አልተንቀጠቀጠም። ግን ያን ቀን ፋርማሲው ውስጥ ሬዲዮ አልነበረም፤ ባለሬዲዮው ቀድሞ ሄዷል። በሱ ፈንታ የመጣችው ልጅ ጎበዝ ናት፣ መድኃኒት ሰጥታ ዝም ነው። የላውንደሪዋ ሴትዮ እየሮጠች መጥታ "ምስኪን፣ ያን ያህል መንገድ መጥቶ ሳትከፍችለት ቀረሽ?" አለችኝ። አየር ላይ ካወጣሽው ነገር ሁሉ እሷ ጋ የደረሰው ይኸው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

አሁን የሚያስገርምሽን ልንገርሽ፤ ሠርቷል። ፋርማሲስቱ ባለበት ከተማም ያዳምጥሻል ለካ። ባለፈው ማክሰኞ ደብዳቤው ደረሰኝ። "አንቺ" ብሎ ይጀምራል። እህትሽን ሰማኋት፣ ስላላመንኩሽ አፍሬያለሁ ይላል። አዲሱ ሥራው እንዳልጣመው፣ እዚህ የተከራየውን ቤት ገና እንዳልለቀቀው፣ ና ብዬ ብጽፍለት በወሩ መጨረሻ እንደሚመለስ ይነግረኛል። ግርጌው ላይ ያቺን ያንቺን ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጽፏታል። የእጅ ጽሑፉ ቆንጆ ነው።

ይህን ስታነቢ ከወንበርሽ ስትነሺ ይታየኛል። ተቀመጪ።

መዝገበ ቃላትሽ ትርጉሙን ጽፎልሻል፤ ማን ለማን እንደሚለው ግን የጻፈልሽ አይመስለኝም። በዚህ በሁለት ወር ውስጥ ያን አባባል ሦስት ሰው ብሎኛል። ያ ባለሻንጣ አለኝ። አንቺ አልሽኝ። አሁን ደግሞ ይህ። ሦስታችሁም የዘገያችሁ ናችሁ። የጠበቀ ሰው ቢለው ምሕረት ነው። የዘገየ ሰው ሲለው ግን ምሕረቱን ራሱ ለራሱ ሰጥቶ፣ የጠበቀውን ሰው "በል አመስግነኝ" ማለቱ ነው። አባባሉን ማለት የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። እስካሁን ማንም ትያለሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም።

ልለው ሞክሬ ነበር። ወረቀት አውጥቼ "ና" ብዬ ጻፍኩ። አንዲት ፊደል ናት፣ ምንም አትከብድም። ብዙ አየኋት። ሚጣ፣ ይህን ሰው ወድጄው ነበር፣ አሁንም ደረጃ ስወርድ በሩን ሳላይ አላልፍም። ግን እኔ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ዐይን ዐይኑን እያየሁ ስነግረው አላመነም። አንቺ ከሩቅ ከተማ ሳጥን ውስጥ ሆነሽ ስትነግሪው አመነ። አንቺው ራስሽ "እንዴት ካንቺ ይልቅ ሬዲዮ ያምናል" ብለሽኝ ነበር፤ ያኔ ተናድጄብሽ ነበር እንጂ እውነትሽን ነው። ነገ ኮቴ በሰማ ቁጥር፣ ወሬ በሰማ ቁጥር፣ ምን ላደርግ ነው? እህቴ አየር ላይ ወጥታ ትማልልኝ ልል ነው? ወረቀቱን ቀድጄ በሌላ ላይ አይሆንም ብዬ ጻፍኩለት። በአጭሩ ትቆርጪዋለሽ ብለሽኝ የለ፤ ቆረጥኩት። አልቅሻለሁ፣ አልደብቅሽም፤ ከዚያ ፖስታ ቤት ሄጄ ጣልኩት።

ይቅር ብያለሁ የምትል መስመር ጻፊልኝ ላልሽው፣ ገና አልደረስኩበትም። ስደርስ ሳትጠይቂኝ እጽፍልሻለሁ። እስከዚያ ደግመሽ አትለምኚኝ።

ልምጣ ወይ ላልሽው፣ ቤትሽ ነው። የምትመጪበትን ቀን ግን አትጻፊልኝ፣ መናኸሪያም አልወጣም፤ ሰው መጠበቅ ትቻለሁ። ያን ሰሞን የሆቴል መስኮት እየለካሁ ልውል እችላለሁ። ቁልፍ ለላውንደሪዋ ሴትዮ ሰጥቼልሻለሁ፤ ከሷ ተቀብለሽ ግቢ።

እህትሽ